የትከሻ ዋጋ፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር የሸክም፣ የጉዳትና የጥገና ታሪክ

በምሥራቅ ሱዳን ያለው የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ እግርንም የመኪና ጎማንም የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፣ በስተምሥራቅም ከቋራ፣ ከመተማና ከሁመራ ቆላ ጋር ሳይቋረጥ ይገናኛል። በዚህ ሜዳ የሚበቅለው ማሽላና ሰሊጥ ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ መጋዘንና ወደ መኪና የሚሸጋገረው፣ ትራክተርና ባቡር ከገቡ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢሆን፣ በአመዛኙ በሰው ትከሻ ነው። ስለ አካባቢው የጻፉ የታሪክ ሰዎች ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ድንበሩ ክርክርና ስለ ስደተኛው ብዙ ብለዋል፤ ይህን ሁሉ ጭነት ስለ ተሸከመው አካል ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሆኖም የተጎዳ ትከሻ እንዴት ይታከም እንደነበር፣ ማን ያክመው እንደነበርና የተጎዳው ሰው ወደ ሥራው እንዴት ይመለስ እንደነበር መመርመር የአካባቢውን የሥራ ታሪክ ከውስጥ ለማየት ያስችላል። የወለቀ ትከሻን ወደ ቦታው የሚመልስ ባለሙያ በድንበሩ ግራና ቀኝ ታጥቶ አያውቅም። የጠፋው ትከሻው እስኪጸና ድረስ ባለቤቱ የሚያርፍበት ጊዜና በዚያ ጊዜ የሚበላው እንጀራ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በቅድሚያ ስለ መገጣጠሚያው ጠባይ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ትከሻ በሰው አካል ካሉት ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚዞር ነው፤ የዚህ ምክንያቱ የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ጉድጓድ እጅግ ጠባብና ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ክብ ራሱን በቦታው የሚይዙት ዙሪያውን የከበቡት ጅማቶችና ጡንቻዎች እንጂ አጥንቱ ራሱ አይደለም፤ ክንድ ወደ ላይና ወደ ኋላ በኃይል ሲጠመዘዝ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ሾልኮ ይወጣል። ይህ ውልቃት ይባላል። አጥንቱ ከቦታው ሳይወጣ ጅማቱ ብቻ የተጎተተ እንደሆነ ወለምታ፣ አጥንቱ የተሰነጠቀ ወይም የተቆረሰ እንደሆነ ደግሞ ስብራት ይሆናል። ከእነዚህ ሌላ አንድ አራተኛ ጉዳት አለ፤ በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በብዙ ዓመት ሸክም የሚመጣው፣ ክንድን የሚያነሱት ጡንቻዎች ጅማት ቀስ በቀስ መሳሳትና መበጠስ ነው። ይኸኛው ድምፅ ስለሌለው የትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ በሸክም ያረጁ ሰዎች እጃቸውን ከጆሯቸው በላይ ማንሳት ሲሳናቸው ብቻ ይታወቃል።

የአካባቢው ሸክም ታሪክ ከሲራራ ንግድ ይጀምራል። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ አድርጎ ወደ ሰናር የሚወስደው መንገድ ቢያንስ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም ከኢትዮጵያ ሲወጣ በ1772 እ.ኤ.አ. ያለፈው በዚሁ በኩል፣ በራስ አል ፊልና በአትባራ ምድር አድርጎ ነው። ነጋዴው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና ወርቅ፣ እንዲሁም ሊዘነጋ የማይገባው ባሪያ ይዞ ይወርዳል፤ ጥጥ፣ ጨርቅና የባሕር ማዶ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ከደጋው የሚወርደው ጭነት በበቅሎና በአህያ ይመጣና መተማ ላይ ወደ ግመል ይዛወራል፤ ይህ ማለት አጋሰሱን የሚነዳው ሰው ማለዳ ጭነቱን ያነሣል፣ ማታ ያወርዳል፣ መተማም ሲደርስ እንደገና ፈትቶ ያስራል ማለት ነው። ሸክሙ የከብት ነው ቢባልም የማንሣቱና የማውረዱ ድካም የሰው ነበር፤ የተደናገጠ በቅሎ ጭነቱን ይዞ ሲዘል ገመዱን የጨበጠውን ሰው ክንድ ከትከሻው መንቀሉም በሲራራ ሕይወት ውስጥ ያልተለመደ አደጋ ሊሆን አይችልም።

ብሩስ ካለፈ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ1861 እና በ1862 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ተቀምጦ ነበር፤ ሰቲት ተከዜ ወደ ሱዳን ሲገባ የሚጠራበት ስም ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የዓባይን ምንጮች የመፈለግ ታሪክ ተደርጎ ቢነበብም፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ከሐምራን አረቦች ጋር ባሳለፈው ጊዜ ያየውን መዝግቦ መተዉ ነው። ሐምራን በሰቲት ዳር የሚኖሩ፣ ዝሆንን በፈረስ ላይ ሆነው በሰይፍ የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ፈረሱን ወደ ዝሆኑ ግንባር አስጠግቶ እንዲያባርረው ያደርግ ነበር፣ ሌሎቹ ከኋላ ደርሰው የዝሆኑን የቋንጃ ጅማት ይቆርጡ ነበር። የሸሪፍ ወንድማማቾች ከሚባሉት የዘመኑ ዝነኛ አዳኞች መካከል ሮደር የተባለው፣ እንደ ቤከር አገላለጽ፣ ግራ ክንዱ የሰለለ ሰው ነበር። ቀደም ባለ አንድ አደን ዝሆን ፈረሱን ከገደለበት በኋላ ጥርሱን በክንዱ ውስጥ አሳልፎ አጥንቱን ከክርን እስከ አንጓ ድረስ ሰነጣጥቆት ነበር፤ ስባሪዎቹ ከጊዜ በኋላ እየተገፉ ወጥተው ክንዱ ደርቆ፣ አጥሮና ጣቶቹ ተቆልምመው ቀሩ።

ቤከርን ያስደነቀው ግን የጉዳቱ ክፋት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሮደር ከአደን አልወጣም፤ ከሁሉ አደገኛ የሆነውን ቦታ፣ በዝሆኑ ፊት የሚሮጠውን ፈረሰኛ ቦታ፣ እስከ መጨረሻው የያዘው እርሱ ነበር። ይህን ያስቻለው ትከሻው መትረፉ ነው። ከክርን በታች ያለው ክንድ ሙት ቢሆንም ከትከሻ የሚነሣው ኃይል ስላልጠፋ፣ ልጓሙን በዚያ በደረቀ ክንድ ላይ ጠምጥሞ ፈረሱን ይመራ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስለ ጀግንነት ብቻ የሚያነብ ሰው ሌላውን ነገር ያመልጠዋል፤ የሐምራን ቡድን ሥራውን እንደ አባሉ አቅም ከፋፍሎ ይሠራ ስለነበር ሰይፍ በሁለት እጅ መያዝ የማይችለው ሰው ሰይፍ የማያስፈልገው ድርሻ ተሰጠው። ቁስሉ እስኪደርቅ ስንት ወር እንደተኛ ቤከር አልጻፈም፤ ወንድሞቹ አደኑን ቀጥለው እርሱን ማብላታቸው ግን ከታሪኩ አካሄድ መገመት የሚቻል ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ዕጣ ለመመዘን ይህን የወንድማማቾች ቡድን ማስታወስ ይጠቅማል።

በድንበሩ ሁለት ወገን የአጥንት ጠጋኞች ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ወጌሻ ይባላል፤ ሙያውን ብዙ ጊዜ ከአባት ወይም ከአጎት የሚወርሰው፣ ስብራትና ውልቃትን የሚጠግን፣ አንዳንዴም ዋግምት የሚያደርግና ሌሎች ትንንሽ የቀዶ ጥገና ሥራዎችን የሚሠራ ባለሙያ ነው። በሱዳን በኩል ያው ባለሙያ በስሪ ይባላል፤ እዚያም ዕውቀቱ በቤተሰብ የሚወረስ ሲሆን፣ አንዳንድ ቤተሰቦች በዚህ ብቻ ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣባቸው ሆነው ኖረዋል። ሱዳናዊው ሐኪም አሕመድ አል ሳፊ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አገሩ ባህላዊ ሕክምና ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ በጻፈው ሥራ ለእነዚህ ባለሙያዎች ቦታ መስጠታቸው፣ ሙያው ከተረትና ከክታብ ጋር ተደምሮ የሚታለፍ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲቀርብለት መጀመሪያ በዓይኑ ያነጻጽራል፤ የወለቀው ትከሻ ክብነቱን አጥቶ ጎን ለጎን ሲታይ ጫፉ የሾለ ይመስላል፣ ተጎጂውም የዚያን ወገን እጅ ወደ ሌላው ትከሻ አሻግሮ ማሳረፍ አይችልም፤ ይህ ምልክት በዘመናዊው ሕክምናም የሚታወቅ ነው። ከዚያ በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጡንቻውን ያላላል፣ በቅቤ ያሻል፤ በሱዳን በኩል ለዚሁ ተግባር የሚውለው ብዙ ጊዜ የሰሊጥ ዘይት ነው፣ ዘይቱም ቀድሞ በግመል በሚዞር መጭመቂያ ይወጣ ነበር። ረዳቱ የተጎጂውን ደረት ወደ ኋላ ይዞ ሳለ ወጌሻው ክንዱን ሳይቸኩል ይጎትታል፣ በጣቶቹም በብብት ውስጥ የወጣውን የአጥንት ራስ እየፈለገ ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል፤ ሲገባ የሚሰማው ድምፅና ተጎጂው የሚያወጣው የእፎይታ ትንፋሽ የሥራው ማብቂያ ተደርጎ ይወሰዳል። ክንዱ በነጠላ ወይም በጥምጥም ጨርቅ ከአንገት ላይ ይንጠለጠላል። የተሰበረ ክንድ ከሆነ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ስንጥር ዙሪያውን ይታሰራል፤ በሱዳን ይህ እስር ጀቢራ ይባላል። ለተጠገነው ሰው አጃ፣ አብሽና የአጥንት መረቅ ይሰጠዋል፤ የሚያቀርብለት ሰው ካለው።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ ብሎ አንድ ምንጭ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ምክንያቱም ትከሻን የመመለስ ዘዴ ሸክምና ከብት ባለበት አገር ሁሉ የተገኘ ነው። ሆኖም የዓባይ ሸለቆ በዚህ ረገድ ያለው ማስረጃ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ነው። በላይኛው ግብፅ፣ የነገሥታት መቃብር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረው በዴር አል መዲና፣ ኢፑይ የተባለው የራምሴስ ዳግማዊ ዘመን ባለሙያ መቃብር ግድግዳ ላይ የሥራ ቦታ አደጋዎች ተሥለዋል፤ ከመካከላቸውም አንድ ሰው የሌላውን ክንድ ይዞ ትከሻውን ወደ ቦታው ሲመልስ ይታያል። ሥዕሉ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የሚያሳየውም በጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር ሳይሆን በግንባታ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ነው። ከእርሱ የሚቀድመውና የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፍ ደግሞ በደረት አናት ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የሚዘረጋውን አጥንት ስብራት ለማቃናት ተጎጂውን በጀርባው አስተኝቶ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የታጠፈ ነገር ማድረግን ያዛል። የግሪኩ ሂፖክራጥስም ተጎጂውን አስተኝቶ ተረከዝን በብብት ውስጥ አሳርፎ ክንድን የመሳብ ዘዴን ገልጿል። የመተማ ወጌሻ ሂፖክራጥስን ሳያነብ በተመሳሳይ መንገድ ክንድን መሳቡ የጥበቡን ማነስ ሳይሆን የመገጣጠሚያው ጠባይ በሁሉም አገር አንድ መሆኑን ያስረዳል።

ጦርነት የወጌሻን ሥራ ማብዛቱ የታወቀ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ በተደረገው የኢትዮጵያውያንና የመሐዲስቶች ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራሳቸው በመጀመሪያ እጃቸውን ቆስለው ከውጊያው እንዳልወጡ፣ በኋላ በደረሰባቸው ሁለተኛ ጥይት ግን ለሞት እንደበቁ ይነገራል። ከዚያ ቀን የተረፉት ቁስለኞች ወደ ጎንደር ደጋ ሲወጡ ያከሟቸው ባህላዊ ጠጋኞች ነበሩ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሐኪሞች የተደራጀ የቁስለኞች እርዳታ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከዓድዋ ድል ቀጥሎ በ1896 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በገባው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ነው። በድንበሩ ሱዳን ወገን ከመተማ አጠገብ ያለው ጋላባት በ1940 እ.ኤ.አ. ጣልያን በያዘው ጊዜና በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ብሪታንያ ለማስመለስ በተዋጋችበት ጊዜ እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። ለትከሻ ታሪክ ግን ከጦርነቱ ይልቅ ጦርነቱ ያስከተለው የእህል ፍላጎት የበለጠ ክብደት አለው።

ገዳሪፍ በመጀመሪያ ሱቅ አቡ ሲን፣ የሹክሪያ ጎሳ አለቆች የአቡ ሲን ቤተሰብ ገበያ፣ በሚል ስም የታወቀች የመንገድ ከተማ ነበረች። የባቡር ሐዲዱ በ1924 እ.ኤ.አ. ከሰላ ደርሶ በገዳሪፍ አድርጎ በ1929 እ.ኤ.አ. ከሰናር መስመር ጋር ሲገናኝ፣ ከተማዋ ከፖርት ሱዳን ወደብ ጋር ተያያዘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት እህል ለማቅረብ በገዳሪፍ አቅራቢያ በጋደምበሊያ የትራክተር እርሻ ተጀመረ፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የመካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፣ በ1960ዎቹም እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ አንድ መቶ ሺህ ቶን የሚይዝ ትልቅ የእህል ጎተራ በከተማዋ ተሠራ። ማሽኑ የገባው ግን ለማረስና ለመዝራት ነው። አረሙን የሚያርም፣ ሰብሉን የሚያጭድና ጆንያውን የሚያነሣ ሰው ነበር፤ እርሻው በሰፋ ቁጥርም የሚፈለገው ትከሻ በዛ እንጂ አልቀነሰም። ትራክተሩ ሊታረስ የሚችለውን መሬት ከሰው አቅም በላይ ለጥጦ አጨዳውን ለሰው ተወለት፤ የገዳሪፍን የሥራ ታሪክ የወሰነው ከሁሉ በላይ ይህ ሚዛን የለቀቀ ዕድገት ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የሰሊጥ ተፈጥሮ ነው። የሰሊጥ ፍሬ የያዘው ቆባ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል፤ ስለዚህ ሰብሉ ሳይደርቅ በማጭድ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቁመቱን ይዞ በአንድ ላይ ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ይህ ክምር በድንበሩ ሁለት ወገን ሂላ ይባላል። ሲደርቅ ነዶው ይገለበጥና እየተመታ ይራገፋል። ሊቀደም ወይም ሊዘገይ የሚችለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ቆባው የማይከፈት የሰሊጥ ዓይነት በ1943 እ.ኤ.አ. በቬንዝዌላ ተገኝቶ ለማሽን አጨዳ መንገድ ቢከፍትም፣ በገዳሪፍና በመተማ ሜዳ ሰሊጥ እስከ ዛሬ በአብዛኛው በእጅ የሚታጨድ ነው። ለዚህ አጭር ወቅት ከአማራና ከትግራይ ደጋ፣ ከሱዳንም የተለያዩ ክፍሎች ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል፤ በኢትዮጵያ በኩል ልምድ ያለው የሰሊጥ ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል። በከተማው ገበያ ደግሞ ጆንያ የሚያነሡት፣ በሱዳን ዓታላ የሚባሉት ተሸካሚዎች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቅድመ አያቶቻቸው ወደ መካ ሲጓዙ ወይም ሲመለሱ በዚያ የቀሩ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ዘሮች ይገኛሉ። ቤከር በመተማ ያገኛቸው፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ የነበሩት ተክሩሮች የዚሁ ፍልሰት ቀዳሚዎች ናቸው።

የሁለቱ ሥራዎች ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። አጫጁ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አንዱን ክንድ ሲያወናጭፍ ይውላል፤ የሚጎዳውም ጅማቱ ነው። ተሸካሚው ግን ሁለት ሰዎች ከመሬት አንሥተው ጫንቃው ላይ የሚጭኑለትን ጆንያ ይዞ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ወደ መኪናው ወይም ወደ ክምሩ ጫፍ ይወጣል። ሳንቃው ከተንሸራተተ ወይም ጆንያው ወደ ኋላ ካመዘነ፣ ሸክሙን ለመያዝ ወደ ላይ የተዘረጋው ክንድ ከነክብደቱ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል፤ ትከሻ ለመውለቅ የሚፈልገው አቅጣጫ ደግሞ ልክ ይኸው ነው። ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠቀሱም፤ ነገር ግን በገጠርም ሆነ በመጠለያ ጣቢያ ውኃውን በእንስራና በጀሪካን፣ ማገዶውን በጀርባ የሚያመላልሱት እነርሱ ናቸው፣ ገመዱም የሚያልፈው በትከሻቸውና በደረታቸው ላይ ነው። ለዚህ ሸክም ሒሳብ የሚይዝለት ስለሌለ፣ የሚያደርሰውም ጉዳት እንደ ሥራ አደጋ ተቆጥሮ አያውቅም።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ድንበሩ የቀረበው ቀስ በቀስ ነው። የካርቱም የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈቱ ሐኪምና የጤና መኮንን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ራጅም ከተሞች ውስጥ ገባ። ራጅ ለትከሻ የሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው፤ በጣት የማይለየውን ውልቃትና ስብራት ለይቶ ያሳያል። ወጌሻ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰበረውን የወለቀ መስሎት ሲስብ የአጥንቱን ስባሪ ሊያፈናቅል፣ በብብት የሚያልፈውን የደም ሥርና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የክንዱ ላይኛው ውጫዊ ክፍል መደንዘዝ ነርቩ መነካቱን የሚያመለክት በመሆኑ ሐኪም ከመሳቡ በፊትም በኋላም ይመረምረዋል። በታሰረ ስብራት ላይ የሚደርሰው ሌላው አደጋ የበለጠ አስከፊ ነው፤ ክንዱ እያበጠ ስንጥሩ ካልላላ ደሙ ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል፣ በመጨረሻም ክንዱ ይቆረጣል። የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ጉዳት ደጋግመው ዘግበዋል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ወጌሻን ማጥፋት ይገባል የሚለው ሐሳብ የአካባቢውን ኑሮ ያላገናዘበ ነው። ክረምት የእርሻ መንገዶችን በጭቃ ሲዘጋ ከማሳ ወደ ሆስፒታል መድረስ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይመለስ የቆየ ትከሻ ደግሞ በእጅ ብቻ የመመለስ ዕድሉ በጣም የመነመነ ነው። በማሳው አጠገብ ያለ፣ መቼ መንካት እንደሌለበትና መቼ ማላላት እንዳለበት የተማረ ወጌሻ ብዙ ክንድ ሊያድን ይችላል፤ ሥልጠናው የሚጠይቀውም ከባድ ወጪ አይደለም።

ትከሻው ተመለሰ ማለት ግን ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ባንካርት በ1923 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አጥንቱ ሲወጣ የጉድጓዱን ጠርዝ የሚያጠብቀው ሕብረ ሥጋ ይቀደዳል፤ ካልገጠመም ትከሻው በትንሽ ምክንያት ደግሞ ይወልቃል፣ በተለይ ተጎጂው ለጋ ወጣት ከሆነ። ይህን ለመከላከል ክንዱ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ተንጠልጥሎ ማረፍ፣ ቀጥሎም በጥንቃቄ መፍታታት፣ ከባድ ሸክም ደግሞ ለሦስት ወር ያህል አለመንካት አለበት። ከልክ በላይ ማሰርም ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ አሜሪካዊው ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ የገለጸው የትከሻ መድረቅ የሚባለው ሕመም ክንድን ለወራት ያግዳል። ኮድማን ተጎጂው ጎንበስ ብሎ ክንዱን ወደ መሬት ለቆ ቀስ እያለ እንዲያወዛውዘው ያዝዝ ነበር፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑትም ጭምር፣ ዛሬም ይህንኑ ያስተምራሉ። እንቅስቃሴው መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜ ደግሞ ለዓታላና ለሳሉግ የተከለከለ ነገር ነው። ተሸካሚው በጆንያ ቁጥር፣ አጫጁ በሂላ ቁጥር ይከፈለዋል፤ ያልተነሣ ጆንያ ያልተበላ እራት ነው። የሰሊጡ ወቅት ትከሻው ሊጸና ከሚያስፈልገው ጊዜ ያጠረ በመሆኑ፣ በወቅቱ መጀመሪያ የተጎዳ ሰው ሙሉውን የዓመት ገቢ ያጣል፤ ስለዚህ በነጠላ አንጠልጥሎ ሊያሳርፈው የሚገባውን ክንድ በሳምንቱ ያሠራዋል፣ ትከሻውም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይወልቃል። ከሚያሳርፉት ነገሮች አንዱ በአንድ ዳስ አብረው የሚያድሩ፣ ወጪያቸውን በጋራ የሚያወጡ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ የታመመውን በየተራ ይመግቡታል፣ የመመለሻ ገንዘብም ያዋጡለታል። ይህ ከሐምራን ወንድማማቾች ጋር የሚመሳሰል ልማድ ቢሆንም አቅሙ ውሱን ነው፤ ለሳምንት ይበቃል፣ ለሦስት ወር አይበቃም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያለ ጽሑፍ ውል፣ በደላላ በኩል ለጥቂት ሳምንት የተቀጠረ፣ ያውም ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ግን ይህን መብት የሚጠይቅበት በር አያገኝም።

የፖለቲካ ሁከት ይህን ችግር ደጋግሞ አባብሶታል። በ1969 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ስደተኞች በቀላ አል ነሐል ሰፈራ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የገዳሪፍ ምድር ስደተኛ ሳይኖርበት ያደረበት ዘመን የለም፤ በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. የድርቅ ተጎጂዎች፣ ከእነርሱም ጋር ቤተ እስራኤላውያን፣ በኡም ራኩባ ተጠለሉ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም ከትግራይ የተሰደዱ ከዚያው ቦታ ደረሱ። ስደተኛው በእርሻውና በገበያው ርካሽ ጉልበት ሆኖ ሲገባ፣ ለማረፍ ያለው ዕድል ከወቅት ሠራተኛውም ያነሰ ሆነ። በ2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ደግሞ የጉዞውን አቅጣጫ ገለበጠው፤ ከካርቱምና ከወድ መደኒ የተፈናቀሉት ገዳሪፍን ሲሞሉ፣ ሌሎች በመተማ ተሻግረው በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ሸክም ክብደት በ1967 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ስምምነትና አብሮት ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ አዘውትሮ ሊሸከመው የሚገባው ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ አሳስቧል። በኢትዮጵያ የእህል ገበያ የተለመደው ጆንያ አንድ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ነው። ሰሊጡ ተበጥሮ ወደ ውጭ ሲላክ ግን ብዙውን ጊዜ በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት ይሞላል፤ ስለዚህ በወደቡና በባሕር ማዶ የሚቀበሉት ሠራተኞች ከዚያ በላይ አያነሡም። መጠኑን ከወደብ ይልቅ በመተማና በገዳሪፍ አውድማ ላይ መቀነስ ከነጋዴው ተጨማሪ ከረጢት እንጂ ሌላ ብዙ አይጠይቅም፤ አዲስ ሆስፒታል ሳይሠራ፣ አዲስ ሕግም ሳይወጣ፣ ከዛሬው መከር ጀምሮ ሊደረግ የሚችል ነው።